ደብዛዛ እምብርቶች፦ ካርቱም ላይ የተደረገ ምልልስ

ተጠራጣሪው፦ ጥቁር ጉድጓድ ብርሃን አያወጣም ብለሽኛል። ቀጥለሽ ደግሞ በጋላክሲ እምብርት ላይ ጥቁር ጉድጓድ ስላለ እምብርቱ ያበራል አልሽኝ። አሁን የምታጠኚው ደግሞ ከሚያበሩት ውስጥ እጅግ ደብዛዛዎቹን ነው። አያበራም፣ ያበራል፣ በጭንቅ ያበራል፤ የትኛውን ልያዝ?

ተመራማሪዋ፦ ሦስቱንም ይያዙ ጋሼ፣ አይጋጩም። የሚያበራው ጉድጓዱ ሳይሆን ወደ እሱ የሚወርደው ጋዝ ነው። ጋዙ በቀጥታ አይወድቅም፤ እየዞረ ይጠጋል፣ እየዞረ ሲጠጋም እርስ በርሱ እየተፋተገ ይግላል፣ ሲግል ያበራል። ፀሐይ ሃይድሮጅንን ወደ ሂሊየም ስትቀይር ከቁሱ ወደ ኃይል የሚለወጠው 0.7 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ወደ ጥቁር ጉድጓድ በስስ ዲስክ መልክ የሚወርድ ጋዝ ግን 10 በመቶ ያህሉን ኃይል አድርጎ ሊረጭ ይችላል። በፈረንጆች 1963 ማርተን ሽሚት ርቀቱን ያወቀለት ሦስት ሲ 273 የተባለው ኳዛር፣ ማለትም እጅግ ደማቅ የጋላክሲ እምብርት፣ ከ2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ርቆ እያለ በአማተር ቴሌስኮፕ ይታያል። አጠገቡ ያሉት የገዛ ጋላክሲው ኮከቦች በሱ ብርሃን ይዋጣሉ።

ተጠራጣሪው፦ ደማቁ ላይ ክርክር የለኝም። ያን ያህል ብርሃን ከዚያን ያህል ጠባብ ቦታ ሲወጣ ሌላ ምክንያት ማሰብ ይቸግራል። የኔ ጥያቄ ስለ ደብዛዛው ነው። ደብዛዛ ብርሃን ብዙ ወላጅ አለው። አንድ ተራ የኮከብ ክምችት ሊያወጣው የሚችለውን ብርሃን አይታችሁ ከጀርባው ጥቁር ጉድጓድ አለ የምትሉት በምን መብት ነው?

ተመራማሪዋ፦ መጀመሪያ በሒሳብ። ኳዛሮች የበዙት የዛሬ 10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነበር፤ ዛሬ በአካባቢያችን ብርቅ ናቸው። ብርሃኑ ጠፋ፤ ጉድጓዱ ግን አንዴ ከተፈጠረ ወዴት ይሄዳል? ዶናልድ ሊንደንቤል በ1969 ይህን ጠይቆ፣ በአቅራቢያችን ባሉ ጸጥተኛ ጋላክሲዎች መሀል የከሰሙ ኳዛሮች መኖር አለባቸው አለ። በ1982 ደግሞ አንድዜይ ሶልታን ሒሳቡን ሠራው። ኳዛሮች በዘመናቸው ሁሉ የረጩትን ብርሃን ደምሮ፣ ያን ብርሃን ለማውጣት ምን ያህል ቁስ መዋጥ እንደነበረበት አሰላ። ያ ሁሉ የተዋጠ ክብደት ዛሬ የሆነ ቦታ መቀመጥ አለበት። የተቀመጠውም እዚህ፣ ጸጥ ባሉት ጋላክሲዎች እምብርት ውስጥ ነው።

ተጠራጣሪው፦ ሒሳቡ የሚነግረኝ በጥቅሉ የሆነ ነገር እንዳለ ነው። በዚህኛው ጋላክሲ፣ በዚህችኛዋ ነጥብ ላይ አለ አይለኝም። የካርቱም ሰው ደግሞ ማስረጃ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ጥቅምት 2008 ላይ የሆነውን ታስታውሻለሽ። አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ያለ ቴሌስኮፕ አንዲት 4 ሜትር ያህል ስፋት ያላት ድንጋይ ወደ ምድር ስትመጣ አየ። ከ20 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ፣ ጥቅምት 7 ሊነጋጋ ሲል፣ ሰሜን ሱዳን ላይ ኑቢያ በረሃ ሰማይ ውስጥ ፈነዳች። ከዚያ የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ሙዓዊያ ሻዳድ ከአሜሪካዊው ተመራማሪ ከፒተር ጄኒስከንስ ጋር ሆኖ፣ ተማሪዎቹንና ባልደረቦቹን በአውቶቡስ ጭኖ ወደ በረሃው ሄደ። ተሰልፈው አሸዋውን እያበጠሩ ጥቋቁር ድንጋዮቹን ለቀሙ። አልማሐታ ሲታ፣ ስድስተኛው ጣቢያ፣ የተባሉት እነዚያ ናቸው። ገና ጠፈር ላይ እያለ የታየ አካል ቁራጩ ምድር ላይ ሲገኝ በዓለም የመጀመሪያው ነበር። እኔ ማስረጃ የምለው ይህን ነው። በእጅ የሚያዝ፣ ሚዛን ላይ የሚቀመጥ። አንቺ ከየትኛው እምብርትሽ ድንጋይ ልታመጪልኝ ነው?

ተመራማሪዋ፦ ድንጋይ አላመጣም። ግን ያነሱት ታሪክ እኔን ይደግፋል። ተማሪዎቹ አውቶቡስ ውስጥ የገቡት ድንጋይ አይተው አልነበረም። ያ በረሃ ሰፊ ነው፤ የት እንደሚፈልጉ የነገራቸው አንዲት ደብዛዛ የብርሃን ነጥብ በኮከቦች መሀል ስትንቀሳቀስ ተለክቶ የተሰላ መንገድ ነው። ድንጋዩ የመጣው በኋላ ነው፤ ያረጋገጠውም ስሌቱን ነው። እኛም የምንሠራው በእንቅስቃሴ ነው። የፍኖተ ሐሊብን መሀል ይውሰዱ። ኤስ 2 የምትባል ኮከብ አንዲት የማትታይ ነጥብን በ16 ዓመት አንዴ ትዞራለች። በ2018 በጣም ስትጠጋ በሰከንድ 7,700 ኪሎ ሜትር ያህል ትበር ነበር። ይህን ሩጫ የሚገታው ከ4 ሚሊዮን ፀሐይ ጋር የሚመዘን ነገር ነው፤ ያ ሁሉ ክብደት ደግሞ ከኛ የፀሐይ ሥርዓት በጠበበ ቦታ ታጭቋል። ራይንሃርድ ጌንዝል እና አንድሪያ ጌዝ በዚህ ሥራ ነው በ2020 የኖቤል ሽልማት የተካፈሉት። ግንቦት 2022 ላይ ደግሞ የዚሁ ጥቁር ጉድጓድ ጥላ ምስል ወጣ።

ተጠራጣሪው፦ ያ የራሳችን ጋላክሲ ነው፤ 27 ሺህ የብርሃን ዓመት ብቻ ነው የሚርቀው። ኮከቦቹን አንድ በአንድ መቁጠር ትችላላችሁ። በሌላ ጋላክሲ ውስጥ ኮከብ ለይታችሁ አትከተሉም።

ተመራማሪዋ፦ ኮከብ ባንከተል የውሃ ትነት እንከተላለን። ኤንጂሲ 4258 የሚባል ጋላክሲ አለ፤ ከ20 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ይርቃል፣ እምብርቱም ደብዛዛ ከሚባሉት ወገን ነው። በመሀሉ የሚዞር ስስ ዲስክ ውስጥ ያለ የውሃ ትነት ሬዲዮ ሞገድ ያወጣል፤ ሞገዱ ስለታም ስለሆነ ፍጥነቱ በትክክል ይለካል። በ1995 የታተመው ልኬት ከመሀሉ በራቁ ቁጥር ፍጥነቱ እንዴት እንደሚቀንስ አሳየ። ቅናሹ ፕላኔቶች ፀሐይን ሲዞሩ ከሚታዘዙት ሕግ አንድ ፀጉር አይለይም። መሀሉ ላይ ያለው ክብደት 40 ሚሊዮን ፀሐይ ያህል ነው። የኮከብ ክምችት እዚያ ይታጨቅ ቢሉ፣ እየተጋጨና እየተበተነ ብዙ ሳይቆይ ያልቅ ነበር።

ተጠራጣሪው፦ ይሄ ጠንካራ ነው። እቀበላለሁ። ግን ሁለት ሆኑ። እናንተ የምትቆጥሩት በመቶዎችና በሺዎች ነው። የቀሩት እንዴት ተለዩ?

ተመራማሪዋ፦ በስፔክትረም። የእምብርቱን ብርሃን ወደ ቀለሞቹ ስንበትነው ጋዙ የራሱን መስመሮች ያሳየናል። ኮከቦች የሚያሞቁት ጋዝ አንድ ዓይነት የመስመሮች ምጥጥን ይሰጣል፤ ከጥቁር ጉድጓድ አካባቢ የሚመጣ ጠንካራ ጨረር የሚያሞቀው ሌላ። ቲሞቲ ሄክማን በ1980 ላይነር ብሎ የሰየመው ወገን አለ፦ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ጎልተው የሚታዩበት፣ ጋዙ ግን ብዙ ኤሌክትሮን ያልተነጠቀበት ደካማ እምብርት። ሉዊስ ሆ፣ አሌክስ ፊሊፐንኮ እና ዋላስ ሳርጀንት በፓሎማር 5 ሜትር ቴሌስኮፕ 486 ጎረቤት ጋላክሲዎችን አንድ በአንድ አዩ። ላይነሮቹን ጨምሮ ከ10ሩ ወደ 4ቱ የሚሆኑት የንቁ እምብርት ምልክት ነበራቸው። ዋናው ድካም የኮከቦቹን ብርሃን መቀነሱ ላይ ነው፤ ሰርግ ቤት ውስጥ የአንድ ሰው ሹክሹክታ ለመስማት ዘፈኑን፣ ጭብጨባውን፣ እልልታውን አንድ በአንድ እያነሱ እንደማውጣት ነው።

ተጠራጣሪው፦ እዚህ ላይ ነው የያዝኩሽ። ሰርግ ቤት ውስጥ የሚያንሾካሹክ አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ጥጉ ሁሉ ያንሾካሹካል። ያነበብኩትን ልንገርሽ፦ አርጅተው የውጭ ጋዛቸውን የጣሉ፣ ውስጣቸው የተጋለጠ፣ እጅግ የሞቁ ትናንሽ ኮከቦች ያንኑ የላይነር ምጥጥን ይሰጣሉ። አዲስ ኮከብ መውለድ ያቆመ አሮጌ ጋላክሲ ሁሉ እነዚህ ኮከቦች አሉት። በ2010ዎቹ ጋላክሲን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚለኩ ቅኝቶች ሲመጡ ደግሞ፣ የላይነር ብርሃን ከመሀሉ ብቻ ሳይሆን ከመላው ጋላክሲ ሲወጣ ተገኘ። ጥቁር ጉድጓድ መላ ጋላክሲውን አይሞላም! እንግዲህ ከነዚያ ከ10 አራቱ ውስጥ ስንቶቹ እናንተ ስም የሰጣችኋቸው አሮጌ ኮከቦች ናቸው?

ተመራማሪዋ፦ አንድ ክፍላቸው፤ በዚህ አልከራከርዎትም። ቅኝቶቹ የመስኩን ልማድ ቀይረዋል። ዛሬ በምጥጥን ብቻ ማንም አይፈርድም። የሃይድሮጅኑ መስመር ከኮከቦቹ ብርሃን ጋር ሲመዘን በጣም ደካማ ከሆነ፣ ያ ጋላክሲ አሮጌ ኮከቦች ብቻ ያሉት ተብሎ ወደ ጎን ይቀመጣል። ካለፈ ሌላ ምስክር ይጠራል፦ ጠንካራ ኤክስሬይ ከትክክለኛው መሀል ይወጣል ወይ? ሬዲዮው በአህጉር ስፋት በተያያዙ አንቴናዎች ሲታይ እንደ ነጥብ ጠባብ ሆኖ ይቀራል ወይ? ብርሃኑ በቀናትና በወራት ይለዋወጣል ወይ? አሮጌ ኮከቦች ተሰብስበው በአንድ ሳምንት አይደምቁም፣ አይደበዝዙም።

ተጠራጣሪው፦ ኤክስሬዩንም ሌላ ነገር ያወጣዋል። ከአንድ ኮከብ የተወለደ ተራ ጥቁር ጉድጓድ ጎረቤት ኮከቡን ሲግጥ ኤክስሬይ ይረጫል። ሬዲዮውን የፈነዳ ኮከብ ቅሪት ያወጣዋል። እያንዳንዱ ምስክርሽ ሊተካ ይችላል።

ተመራማሪዋ፦ አንድ በአንድ ከተያዙ አዎ። ሁሉም በአንድ ነጥብ ላይ፣ በጋላክሲው ትክክለኛ መሀል፣ በአንድ ጊዜ ሲቆሙ ግን ሌላው ማብራሪያ በጣም ብዙ አጋጣሚ መለመን ይጀምራል። ምስክሮቹ ያልተሟሉላቸውን ደግሞ በጥቁር ጉድጓድ ስም አንጠራም።

ተጠራጣሪው፦ ይሁን። አሁን ወደ ሌላው ልሻገር። ደብዛዛ ከሆነ አይጎዳም፣ አይጠቅምም። ጋላክሲውን የሚለውጠው ደማቁ ከሆነ የደከመውን ማጥናት ምን ይፈይዳል?

ተመራማሪዋ፦ መደብዘዝ መድከም የሚመስለን ብርሃኑን ብቻ ስለምናይ ነው። ኤም 87 የተባለውን ጋላክሲ ይመልከቱ። ሚያዝያ 2019 ላይ ምስሉን ዓለም ሁሉ ያየው፣ ከ6 ቢሊዮን ፀሐይ በላይ የሚከብደው ጥቁር ጉድጓድ፣ ለክብደቱ ሲመዘን ደብዛዛ ነው። ሊያወጣ ከሚችለው ብርሃን ኢምንቱን እንኳ አያወጣም። ነገር ግን ከመሀሉ የሚተኮሰው ጄት የተባለ የቁስ ጅረት 5,000 የብርሃን ዓመት ያህል ይዘረጋል፤ ሄበር ከርቲስ በ1918 ቀጥ ያለ ጨረር ሆኖ አይቶታል። ያ ጄት በዙሪያው ያለው ግዙፍ ጋዝ ቀዝቅዞ አዲስ ኮከብ እንዳይሆን እያሞቀ ይይዘዋል። ኃይሉ በብርሃን ሳይሆን በግፊት ይወጣል። ለምን እንዲህ ሆነ? ወደ ጉድጓዱ የሚወርደው ጋዝ ሲሳሳ፣ ከባዶቹ ቅንጣቶች ሙቀታቸውን ለኤሌክትሮኖች ለማካፈል ጊዜ አያገኙም፤ የሚያበሩት ደግሞ ኤሌክትሮኖቹ ናቸው። ጋዙ ሙቀቱን እንደያዘ ከፊሉ ይዋጣል፣ ብዙው ተመልሶ ይገፋል። ጋዙ ሙቀቱን ይዞ የሚወርድበትን ሁኔታ ራሜሽ ናራያን እና ኢንሱ ዪ በ1994 አብራርተዋል። በኛ ጋላክሲ መሀል ቻንድራ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ያየውም ይኸው ነው፦ ጉድጓዱ በስበቱ ከሚይዘው ጋዝ ውስጥ መጨረሻ ድረስ የሚደርሰው ከ1 በመቶ በታች ነው።

ተጠራጣሪው፦ ስለዚህ የኛው ጉድጓድ ተኝቷል።

ተመራማሪዋ፦ ዛሬ። ሊያወጣ ከሚችለው ብርሃን መቶ ሚሊዮንኛውን እንኳ አያወጣም። ግን ለአንድ የካርቱም ነዋሪ የሚገባውን ልንገርዎት። በጋላክሲው መሀል አጠገብ ትላልቅ የጋዝ ደመናዎች አሉ። የኤክስሬይ ብርሃን እየመለሱ ያንጸባርቃሉ፤ በዙሪያቸው ግን ያን የሚያህል ምንጭ የለም። በ2023 ኤክስሬይ የሚለካው አይክስፒ የተባለው መንኮራኩር የብርሃኑን የንዝረት አቅጣጫ ሲለካ ወደ ጥቁር ጉድጓዱ አመለከተ። ጉድጓዱ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ከዛሬው እጅግ ደምቆ ነበር፤ ይህን ስንል ያ ብርሃን በቀጥታ ምድር የደረሰበትን ጊዜ ማለታችን ነው። ካርቱም ደግሞ የግብፁ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ጦር ሠፈር ሆና የተቆረቆረችው በ1820ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሁለቱ ወንዞች በሚገናኙበት ምላስ መሬት ላይ ድንኳን ሲተከል፣ በክረምቱ ሰማይ ደቡብ በኩል እምብርታችን ደምቆ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ኤክስሬይ ከባቢ አየሩን ስለማያልፍ ማንም አላየውም። ደብዛዛ የምንለው ነገር ሁልጊዜ ደብዛዛ አይደለም። ደማቁ ዘመን አጭር፣ ደብዛዛው ዘመን ረጅም ነው። ጥቁር ጉድጓድ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው እንዲህ ከሆነ፣ ደማቁን ብቻ ያጠና ሰው ጉድጓዱን አያውቀውም።

ተጠራጣሪው፦ አሁን ካርቱምን ካነሳሽ ሳልናገር የማላልፈውን ልበል። ይህች ከተማ ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ያየችውን ታውቂያለሽ። ያ ድንጋይ ለቃሚ ተማሪ ያፈራው ዩኒቨርሲቲ ጦርነቱ መሀል ወደቀ። ዴም ሰፈር የነበሩ ኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን ሻንጣ ሳይዙ በመተማ በኩል ወጡ። የካቲት 2024 ላይ የስልክና የኢንተርኔት መስመሩ በአገሪቱ ሁሉ ሲቋረጥ ሰው በሕይወት ስለመኖሩ መልእክት መላክ አቃተው። ጦሩ መጋቢት 2025 ላይ ቤተ መንግሥቱን መልሶ ሲይዝ የተገኘው ከተማ ውሃና መብራት የሌለው ነበር። ለእንዲህ ያለ ሕዝብ ስለ ደብዛዛ እምብርት ማውራት አያሳፍርም?

ተመራማሪዋ፦ አያሳፍርም። በውሃውና በመብራቱ ፈንታ ይሁን አላልኩም። ውሃው ይቅደም፣ ሆስፒታሉ ይቅደም። ግን ጦርነቱ የፈጀው ሕንፃ ብቻ አይደለም፤ ተማሪን ከመምህሩ ለያይቷል። ያ ልጅ ካይሮ ይሁን አዲስ አበባ፣ ፖርት ሱዳን ይሁን ጁባ፣ አሁን የሚያስፈልገው በሄደበት የሚቀጥለው ሥራ ነው። የኛ መስክ ከብዙው ሳይንስ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ቤተ ሙከራው ባለበት ከተማ መቀመጥ አይጠይቅም።

ተጠራጣሪው፦ የሰው መሣሪያ፣ የሰው መረጃ። እንጦጦ ላይ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር። በነሱ እነዚህን ደብዛዞች ታያላችሁ?

ተመራማሪዋ፦ እጅግ ደብዛዞቹን አናይም። ደመቅ ያሉትንና ቅርቦቹን መከታተል ይቻላል፤ እሱም ቢሆን እንጦጦ 3,200 ሜትር ላይ ሆኖ የአዲስ አበባ ብርሃን ከሥሩ አለ፣ ክረምቱ ይዘጋዋል። የጋላክሲያችን መሀል በምሽት ከፍ ብሎ የሚታየው ደግሞ በዚያው በክረምት ነው፤ እዚህም በዚያው ወቅት ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ይነሳል። በላሊበላ አካባቢ ባሉ ተራሮች ለተሻለ ቦታ ጥናት የተደረገው ለዚህ ነው። ቢሆንም አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ጥናት አለ። ትውልደ ሰርቢያዋ ዶክተር ሚርያና ፖቪች ከ2016 ጀምሮ እዚያ ንቁ እምብርቶችን ስታጠና ቆይታለች፤ ከኢትዮጵያና ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ተማሪዎችን በዚሁ ጉዳይ አሠልጥናለች። በ2021 የአውሮፓ አስትሮኖሚ ማኅበር የጆስሊን ቤል በርኔልን ሜዳሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የሰጠው ለሷ ነው። የተማሪዎቹ ሥራ የቆመው በአብዛኛው ክፍት በሆነ የሌሎች ቴሌስኮፖች መረጃ ላይ ነው፤ ይህን አልደብቅም።

ተጠራጣሪው፦ ጭንቀቴን ራስሽ ተናገርሽው። ክፍት የሚሆነው ባለቤቱ ዋናውን ከወሰደ በኋላ ነው። ቺሊ ላይ ያለው የሩቢን ቴሌስኮፕ፣ 8.4 ሜትር መስታወት ያለው፣ የደቡቡን ሰማይ ለ10 ዓመት እንዲቃኝ የተሠራ ነው። ዋናው መረጃው ግን ባለመብት ላልሆኑት ለሁለት ዓመት ዝግ ነው። የኛ ልጆች ቃርሚያ ለቃሚ ሆነው ይቀራሉ። ጥያቄውን የሚመርጠው መሣሪያውን የሠራው ነው።

ተመራማሪዋ፦ በዚህ ላይ ሙሉ መልስ የለኝም። እውነት ነው፣ ጥያቄ የሚመርጠው ብዙውን ጊዜ መሣሪያ ያለው ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ ያው ሩቢን ሰማይ ላይ የተለወጠ ነገር ሲያይ የሚልከው መልእክት ለዓለም ሁሉ ወዲያው ክፍት ነው። ደብዛዛ እምብርትን ከአሮጌ ኮከብ የሚለየው ደግሞ መለዋወጡ ነው ብለናል። በተለይ በትናንሽ ጋላክሲዎች ውስጥ ያሉት፣ ሌላ መንገድ ያልተገኘላቸው ጥቁር ጉድጓዶች፣ ይገኛሉ ተብለው የሚጠበቁት በዚህ መንገድ ነው።

ተጠራጣሪው፦ ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ያያቸው ትናንሽ ቀያይ ነጥቦችስ? በነሱ ጉዳይ ራሳችሁ አልተስማማችሁም።

ተመራማሪዋ፦ አልተስማማንም። ቴሌስኮፑ ሥራ ከጀመረበት ከ2022 ወዲህ፣ ዩኒቨርስ ገና ወጣት ከነበረበት ዘመን በብዛት የተገኙ ጠባብ ቀያይ ነጥቦች ናቸው። የሃይድሮጅን መስመራቸው ሰፊ ነው፤ ጋዙ በሰከንድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚሮጥ ይናገራል፣ ያ የጥቁር ጉድጓድ ምልክት ነው። ነገር ግን ኤክስሬያቸው የለም ማለት ይቻላል። አንዳንዱ ጥቅጥቅ ያለ ጋዝ ሸፍኖት ነው ይላል። ሌላው ክብደታቸው ተጋንኗል ይላል። እኔ ጥቁር ጉድጓድ ናቸው ወደሚለው አደላለሁ፤ እርግጠኛ ነኝ ግን አልልም።

ተጠራጣሪው፦ እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። የኛን ጋላክሲ መሀል ተቀብያለሁ። ኤንጂሲ 4258ን ተቀብያለሁ። የኤም 87 ደብዛዛነት ከኃይል ማነስ እንዳልሆነ ተቀብያለሁ። በምጥጥን ብቻ የተሰየሙትን ላይነሮች አልቀበልም፤ ቀያይ ነጥቦቹን አላውቅም። በሰው መሣሪያ የሚሠራ ጥናት እስከየት ያስኬዳል የሚለው ደግሞ አልተመለሰልኝም። ተማሪዎችሽ ጥቁር ጉድጓድ ያልሆነውን ሲያገኙ፣ ሆኖ የተገኘውን ያህል ጎልቶ ይጻፍ።

ተመራማሪዋ፦ ይጻፋል። እርስዎ ያልተቀበሏቸው ላይነሮች አንድ በአንድ ተመልሰው መታየት አለባቸው፤ ያ ደግሞ ግዙፍ መሣሪያ ሳይሆን ብዙ ታጋሽ ሰው የሚጠይቅ ሥራ ነው። ፊዚክስ የተማረ፣ አንድ ኮምፒውተር ያለው፣ በሳምንት ጥቂት ሰዓት መስመር የሚያገኝ ተማሪ ዛሬ ሊጀምረው ይችላል። የስሎን የሰማይ ቅኝት ሚሊዮኖች ስፔክትረሞች ለሁሉም ክፍት ናቸው፤ ለመጠቀም የማንንም ፈቃድ አይጠይቁም።